ሽቦው ቢበጠስስ?

ጠዋት ጠዋት በእስራኤል በሚገኘው የክፋር ማርሞሬክ ሰፈር ከሚሰሙት ድምፆች አንዱ ትሪስ የሚባለው የመስኮት መዝጊያ ድምፅ ነው። ከመኝታው የተነሳ ሰው ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ወደ ላይ ይጫናል፤ መዝጊያው የተሠራባቸው ቀጫጭን የአልሙኒየም ቅጠሎች እየተንኳኩ ይጠቀለላሉ፤ ብርሃኑ ከወለሉ ተነስቶ ግድግዳውን ይወጣል። ከዚያ «ቀጭ» ይላል። ሰውየው ጣቱን ቁልፉ ላይ ቢያቆየውም ትሪሱ ከዚያ አያልፍም።

ያን «ቀጭ» የሚያስተውለው ሰው የለም። የሚታወቀው የጠፋ ዕለት ነው። ሞተሩ ማብቂያውን አጥቶ መጎተቱን ይቀጥላል፤ የታችኛው ቅጠል ከሣጥኑ አፍ ጋር ይላተማል፤ ቅጠሎቹ ይጣመማሉ ወይም ማንጠልጠያው ይበጠሳል፤ ሞተሩም እስኪግልና ውስጡ ያለው የሙቀት መከላከያ እስኪያቆመው ድረስ ይታገላል። የተጠራው ባለሙያ ሣጥኑን ከፍቶ መጀመሪያ የሚፈልገው በሞተሩ ጭንቅላት ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ቪቴዎች ነው። አንዱ የላይኛውን፣ ሌላው የታችኛውን ማቆሚያ ያስተካክላል። በስተኋላቸው ያለው ዕቃ ሊሚት ስዊች ይባላል።

ሊሚት ስዊች በቀጥታ መስመር ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ የማሽን አካል የጉዞውን ዳርቻ የሚያውቅበት መሣሪያ ነው። አሳንሰር አለው። በሞተር የሚንሸራተት የግቢ በር አለው። ክሬን፣ በኮምፒውተር የሚመራ ሲ.ኤን.ሲ. ማሽን፣ ባለ ሦስት አውታር አታሚ፣ ሁሉም አላቸው። ዋጋው ከሚጠብቀው ማሽን ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ ምርጫው ብዙ ጊዜ የማይታሰብበትም በዚሁ ምክንያት ይመስላል። የተበላሸው ይነቀላል፣ መልኩ የሚመስለው ከሱቅ ይገዛል፣ ይገጠማል። ማሽኑ ስለሠራ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል፤ የስህተቱ ዋጋ የሚከፈለው ግን ከወራት በኋላ ነው። ለዚህ ትንሽ ዕቃ ትንሽ ሐሳብ መስጠት ተገቢ ነው።

ክፋር ማርሞሬክ ከሞተር ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። የረሆቮት ከተማ አካል የሆነውን ይህን ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1930 የመሠረቱት የየመን አይሁዶች ናቸው። ከዚያ በፊት፣ ከ1912 ጀምሮ፣ የኖሩት በኪኔሬት ሐይቅ ዳር ሲሆን መጀመሪያ የተጠለሉትም የውሃ መሳቢያ ሞተር በነበረበት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ቤቱ እስከ ዛሬ «ቤት ሃሞቶር»፣ የሞተር ቤት፣ እየተባለ ይጠራል። ወደ ረሆቮት ሲዛወሩ ሰፈሩ በአርክቴክቱና በጽዮናዊው መሪ በኦስካር ማርሞሬክ ስም ተሰየመ። የየመን አይሁዶች በብር አንጥረኛነታቸው የታወቁ ናቸው። በዚያችው ከተማ፣ በተለይም በኪርያት ሞሼ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ የእነዚህም አያቶች በጎንደር አካባቢ በወናፍና በመዶሻ ማረሻ የሚሠሩ፣ ሸክላ የሚያበጁ፣ ሸማ የሚሸምኑ ባለ እጆች ነበሩ። ሁለቱም ወገኖች ዕቃን በእጅ የማወቅ ጥበብ ከየአገራቸው ይዘው መጥተዋል።

ሸማኔው በተለይ ለዚህ ጽሑፍ ቅርብ ነው። መወርወሪያው በድሩ መካከል በቀጥታ መስመር ይሮጣል፤ ዳር ሲደርስ የሚቀበለው የሸማኔው እጅ ነው። እጁ መወርወሪያው መድረሱን ያውቃል፤ እዚያው ያቆመዋል፤ መልሶም ይወረውረዋል። ድርና ማጉ ቢወሳሰብ እጁ ወዲያው ይሰማዋል። ሞተር የእጁን ቦታ ሲወስድ ጉልበቱን ተካ እንጂ ስሜቱን አልተካም። ስሜቱ ለብቻው ተሠርቶ ለማሽኑ መሰጠት ነበረበት።

ረሆቮት ይህ ለማሽን የተሰጠ ስሜት እስከ ምን ሊረቅ እንደሚችል የሚታይባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1998 እዚያ የተቋቋመው ኦብጄት የተባለው ኩባንያ፣ ኋላም በ2012 ከአሜሪካው ስትራታሲስ ጋር የተዋሃደው፣ ፈሳሽ ፕላስቲክ በጠብታ እየረጨ በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያጠነክር አታሚ ሠርቷል። መርጫው በሃዲድ ላይ ይመላለሳል፤ ዕቃው የሚሠራበት ጠረጴዛ ከእያንዳንዱ ንብርብር በኋላ ጥቂት ዝቅ ይላል። ያ ጥቂት እስከ 16 ማይክሮን ድረስ ይወርዳል፤ ከሰው ፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ጠዋት ሲበራ መጀመሪያ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ አሁን የት ነኝ?

አዲስ አበባ ውስጥ እንጨትና ኤም.ዲ.ኤፍ. በሲ.ኤን.ሲ. የሚቀርጽ የቤት ዕቃ ሠሪ ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ ያውቀዋል። መብራት ሲሄድ መቁረጫው ሥራው መሃል ይቆማል። መብራት ሲመጣ ማሽኑ ያለበትን አያውቅም። አነስተኛ ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በስቴፐር ሞተር ነው፤ ስቴፐር ደግሞ እርምጃውን ይቆጥራል እንጂ ቦታውን አያይም። ቆጠራው ከጠፋው በጨለማ ቤት ውስጥ እንደቆመ ሰው ነው፤ ግድግዳውን እስኪነካ ድረስ ወደ አንድ ወገን መሄድ፣ ከዚያም «በሩ ከዚህ አሥር እርምጃ ነው» ብሎ መነሳት አለበት። ቴክኒሻኖች ሆም ማድረግ የሚሉት ይህንን ነው።

እንግዲህ ምርጫው የሚጀምረው ከዚህ ነው። አንድ ስዊች ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ሥራዎች ሊሰጡት ይችላሉ። አንደኛው መነሻውን ማሳወቅ ነው፤ ይህ ሆም ስዊች ነው፤ የሚጠበቅበትም ዛሬም ነገም አንድ ቦታ ላይ «ቀጭ» ማለት ነው። ሁለተኛው ሠረገላውን፣ ማለትም በሃዲዱ ላይ የሚመላለሰውን አካል፣ ከሃዲዱ ጫፍ ጋር ሳይላተም ማስቆም ነው፤ እውነተኛው ሊሚት ይህ ነው፤ ከእሱ የሚጠበቀው ትክክለኛነት ሳይሆን ታማኝነት ነው። በዓመት አንዴ ቢጠራ እንኳ ያን ዕለት መገኘት አለበት። ርካሽ ማሽኖች ሁለቱን ሥራ ለአንድ ስዊች ያሸክማሉ፤ ለትንሽ አታሚ ይበቃ ይሆናል። ከባድ ጭነት ለሚያንቀሳቅስ ማሽን ግን ሁለቱን መለየት ያዋጣል።

የመጀመሪያውና አሁንም በብዛት የሚሠራበት ዓይነት የሚነካው ነው። ፒተር ማክጎል የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1932 በኢሊኖይ ግዛት በፍሪፖርት ከተማ፣ በበርጀስ የባትሪ ኩባንያ ሲሠራ ማይክሮ ስዊችን ፈለሰፈ። የብልሃቱ ምስጢር በውስጡ ያለው የተወጠረ ቅጠል ሞላ ነው። ፒኑን ቀስ ብሎ ቢጫኑት ለጥቂት ጊዜ ምንም አይሆንም፤ አንድ ነጥብ ላይ ሲደርስ ግን ቅጠሉ በቅጽበት ይገለበጥና ኮንታክቱ ይለወጣል። ሠረገላው እየተንፏቀቀ ቢመጣም ኮንታክቱ በፍጥነት ስለሚላቀቅ የእሳት ብልጭታው አያቃጥለውም። የሚለወጥበት ነጥብም በጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር ልዩነት ውስጥ ይደጋገማል። አታሚም፣ ማይክሮዌቭም፣ የኮምፒውተር ማውስም ውስጥ ያለው እሱው ነው።

የሚነካው ስዊች ድክመቱ መነካቱ ነው። ሠረገላው ፊት ለፊት መጥቶ እንደ መዶሻ ከመታው ዕድሜው ያጥራል። ሠረገላው ላይ ያለው ገፊ ብረት በጎን አልፎ፣ በሰላሳ ዲግሪ ገደማ ዘንበል ባለ ፊቱ የስዊቹን ሮለር ቀስ ብሎ እንዲጫን ሆኖ መሠራት አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ስህተት አለ። ገፊው ብረት አጭር ከሆነ ሠረገላው ስዊቹን አልፎት ይሄዳል፤ ሮለሩ ይለቀቃል፤ መቆጣጠሪያውም «ሊሚቱ ተለቋል፣ ደህና ቦታ ነን» ብሎ ያምናል፤ ሠረገላው ግን ከሊሚቱ ውጭ፣ ከሃዲዱ ጫፍ ማገጃ አጠገብ ነው። ስለዚህ ገፊው ብረት ሠረገላው ከማገጃው ጋር እስኪገናኝ ድረስ ስዊቹን ተጭኖ እንዲቆይ የሚበቃ ርዝመት ይኑረው። ስዊቹ ራሱ ደግሞ ማገጃ አይደለም፤ ብረትን የሚያቆም ብረት ወይም ጎማ ለብቻው መኖር አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ሽቦው ቢበጠስስ?

ስዊች ሁለት ዓይነት ኮንታክት አለው። በተለምዶ ክፍት የሚባለው ሳይነካ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ሲነካ ያሳልፋል። በተለምዶ ዝግ የሚባለው ሳይነካ ያሳልፋል፤ ሲነካ ይቆርጣል። የአማርኛ ተናጋሪ ተማሪን እነዚህ ስሞች ያደናግሩታል፤ በቋንቋችን በር ሲዘጋ ማለፊያ የለም፣ በኤሌክትሪክ ግን ኮንታክት ሲዘጋ ነው ማለፊያ የሚገኘው። «የገጠመ» እና «የተላቀቀ» ብሎ ማሰብ ይቀላል። ድልድዩ ገጥሟል፣ ኤሌክትሪኩ ይሻገራል፤ ድልድዩ ተላቋል፣ አይሻገርም።

ሊሚቱ በተላቀቀው ኮንታክት ከተሠራ ማሽኑ ምልክት የሚሰማው ጫፍ ሲደርስ ብቻ ነው። በመሃል አይጥ ሽቦውን ብትበላው፣ ከመታጠፍ ብዛት ገመዱ ውስጡን ቢበጠስ፣ ወይም ሶኬቱ በንዝረት ቢወልቅ ምንም የሚታይ ነገር የለም። ማሽኑ ሥራውን ይቀጥላል፤ ጠባቂው መሞቱን የሚነግረው የለም። ጫፍ ሲደርስም ምልክት አይመጣም፤ ሠረገላው ይላተማል። በገጠመው ኮንታክት ከተሠራ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኤሌክትሪኩ ሁልጊዜ እየተሻገረ «ደህና ነኝ» ይላል፤ ጫፍ ሲደርስ ይቋረጣል፤ ሽቦው ሲበጠስም ይቋረጣል፤ ሶኬቱ ሲወልቅም ይቋረጣል። ማሽኑ በሦስቱም ይቆማል። ሠራተኛው «ያለ ምክንያት ቆመ» ብሎ ይበሳጭ ይሆናል፤ ምክንያቱ ግን አለ፣ የተበጠሰው ሽቦ ነው።

ይህ ምርጫ ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም። አብዛኞቹ ማይክሮ ስዊቾች ሦስት እግር አላቸው፤ ሁለቱም ዓይነት ኮንታክት እዚያው አለ። ሽቦውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወርና በመቆጣጠሪያው ላይ አንድ ቅንብር መለወጥ ብቻ ነው። ሆኖም የሚሸጡ ርካሽ ማሽኖች ሁሉ በዚህ መንገድ አይገጠሙም፤ ገዢው ራሱ ሳይፈትሽ ማመን የለበትም።

የገጠመው ኮንታክትም አንድ ጠላት አለው፤ ከሙቀት ብዛት ሊጣበቅ ይችላል። ሞላው ደካማ ከሆነ የተጣበቀውን አያላቅቀውም። ለዚህ ነው አይ.ኢ.ሲ. 60947-5-1 የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ በግድ የሚላቀቅ ኮንታክት ያላቸውን ስዊቾች ለይቶ የሚያውቃቸው። በእነዚህ ውስጥ ግፊቱ በሞላ በኩል አይተላለፍም፤ ጠንካራ አካል ኮንታክቱን በቀጥታ ይገፋና ተጣብቆም ቢሆን ይገነጥለዋል። ምልክታቸው በክብ ውስጥ ያለ ቀስት ነው። ከባድ ነገር የሚያነሳ ወይም ሰው አጠገቡ የሚቆምበት ማሽን ይህን ምልክት የያዘ ስዊች ይገባዋል።

ሰው አጠገቡ ሲባል ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተራ ሊሚት ስዊች የሚጠብቀው ማሽኑን ከራሱ ነው። እጅ እንዳይገባ የሚከለክል የመከላከያ በር መቆለፊያ ሌላ ዕቃ ነው፤ የራሱ መለኪያዎችም አሉት። ለሃዲድ ጫፍ የተገዛውን ስዊች የመከላከያ በር ላይ ገጥሞ ሠራተኛን «አሁን እጅህን አስገባ» ማለት በሰው ጣት መቀለድ ነው። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

የማይነኩት ስዊቾች የሚመረጡት በአካባቢው ነው። የእያንዳንዳቸው ባሕርይ የሚታወቀው የት እንደሚሸነፉ ሲታይ ነው። የብርሃኑ ዓይነት በሹካ መልክ የተሠራ ነው፤ በአንዱ ጥርስ የማይታይ ብርሃን ይወጣል፣ በሌላው ይገባል፤ ከሠረገላው የወጣ ቀጭን ቅጠል በመካከሉ ሲያልፍ ብርሃኑ ይቋረጣል። ምንም ግጭት ስለሌለ አያልቅም፤ በመቶኛ ሚሊ ሜትር ደረጃ ይደጋገማል። ለንጹሕ ቤተ ሙከራ ግሩም ነው። የኤም.ዲ.ኤፍ. ዱቄት በሚቦንበት ግን ዓይኑ ይታወራል፤ ዱቄቱ ዝም ብሎ ተጋግሮ አንድ ቀን ማሽኑ «ጫፍ ላይ ነኝ» ብሎ መሃል ሜዳ ላይ ይቆማል።

ለእንጨት ሠሪው የሚሻለው ብረትን የሚያሸተው ነው። በጀርመን ፔፐርል ፉክስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው ይህ ሴንሰር ከፊቱ መግነጢሳዊ መስክ ይዘረጋል፤ ብረት ሲጠጋ መስኩ ይዳከማል፤ ሴንሰሩም ይለወጣል። አቧራ፣ ዘይት፣ ውሃ አያስጨንቁትም። ነገር ግን በሰነዱ ላይ የተጻፈው ርቀት ለተራ ብረት የተለካ ነው። 4 ሚሊ ሜትር የሚል ሴንሰር ፊቱ ያለው ነገር አልሙኒየም ከሆነ ርቀቱ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ይወርዳል፤ መዳብ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ብዙ ሠረገላ የሚሠራው ከአልሙኒየም ስለሆነ ሰው ሴንሰሩ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። መፍትሔው ሠረገላው ላይ አንድ የብረት ቡሎን ማሰር ብቻ ሊሆን ይችላል። የብረት መላጨት በሚበዛበት ቶርኖ ቤት ግን የተጠራቀመው ፍቅፋቂ ራሱ ሴንሰሩን ያታልለዋል።

በማግኔት የሚሠሩትም አሉ። ብዙ ተንሸራታች የግቢ በሮች ጥርሳም ዘንጋቸው ላይ ሁለት ማግኔት አላቸው፤ አንዱ ለመክፈቻ፣ አንዱ ለመዝጊያ። ሞተሩ ውስጥ ያለው ሪድ ስዊች ወይም የሆል ሴንሰር ማግኔቱ ሲመጣ ይሰማዋል። ሙሉ በሙሉ ሊታሸግ ስለሚችል ዝናብ አይበግረውም። ትክክለኛነቱ ግን ልከኛ ነው፤ በር በአንድ ሚሊ ሜትር ቢሳሳት የሚከስ የለም።

አካባቢው ምን ያህል እንደሚወስን ለማየት ከግሪን ሃውስ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ረሆቮት የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ ከተማ ናት፤ ኢትዮጵያም ከዝዋይ እስከ ሆለታ የአበባ እርሻ አላት። የአየር መስኮታቸው በሞተር በሚከፈት ግሪን ሃውሶች ውስጥ ጥርሳም ዘንግ መስኮቱን በቀጥታ መስመር ገፍቶ ያነሳል፤ ዳርና ዳሩን የሚያውቀው ሊሚት ስዊች ነው። አየሩ እርጥብ ነው፤ መድኃኒት ይረጫል። ጽጌረዳን ከአመዳይ በሽታ ለመከላከል ደግሞ በብዙ አገር ድኝ ይተንናል። ድኝ የብር ጠላት ነው። የብር አምባር ያላት አያት ጌጧ በቆይታ እንደሚጠቁር ታውቃለች፤ የማርሞሬክ የየመን አንጥረኞችም ያውቁ ነበር። የአብዛኞቹ ስዊቾች ኮንታክት ብር ወይም የብር ቅይጥ ነው። ያው ጥቁረት ኮንታክቱ ላይ ሲጋገር ኤሌክትሪኩ አያልፍም።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ብርቱ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት የብር ኮንታክት ራሱን ያጸዳል፤ ብልጭታው ጥቁረቱን ያቃጥለዋል። ደካማ ምልክት ብቻ የሚያልፍበት ግን ጥቁረቱን የመስበር አቅም የለውም። የዘመኑ መቆጣጠሪያ ቦርድ ደግሞ የሚፈልገው ጥቂት ሚሊ አምፔር ነው። ስለዚህ ትልቅ ሞተር የሚያቋርጥ «ጠንካራ» ስዊች ገዝቶ ለቦርድ ምልክት ማዋል ስህተት ነው፤ ጥንካሬው አይጠቅመውም። አንዳንድ አምራቾች በአንድ ዓይነት ስዊች ሁለት ስሪት ያወጣሉ፤ ለመደበኛው የብር ኮንታክት በ5 ቮልት ቢያንስ 160 ሚሊ አምፔር ይጠይቃሉ፤ ለወርቅ ቅቡ 1 ሚሊ አምፔር ይበቃዋል። ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው። ልዩነቱ ያለው ጎናቸው ላይ በተጻፈው ቁጥር መጨረሻ ነው፤ መልክ አይቶ መግዛት የሚያሳስተውም እዚህ ነው።

ሌላው ጥያቄ የት ይተከል የሚለው ነው። ሊሚት ስዊች ጫፍ ላይ አይተከልም፤ ከጫፍ በፊት ነው። ምን ያህል በፊት? ሠረገላው በሴኮንድ 500 ሚሊ ሜትር ይሄዳል እንበል። ስዊቹ ተለውጦ መቆጣጠሪያው እስኪሰማ 10 ሚሊ ሴኮንድ ቢፈጅ 5 ሚሊ ሜትር አልፏል። ከዚያ ፍሬኑ በየሴኮንዱ ፍጥነቱን በ2.5 ሜትር በሴኮንድ ቢቀንስለት ለመቆም 50 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። ድምሩ 55 ነው፤ መጠባበቂያ ሳይጨመር። አሁን ባለቤቱ ምርት ለመጨመር ብሎ ፍጥነቱን እጥፍ ቢያደርገው፣ ማለትም በሴኮንድ አንድ ሜትር ቢሆን፣ የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ አይሆንም፤ የመቆሚያው ብቻ አራት እጥፍ፣ 200 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከመዘግየቱ ጋር 210። ትናንት በደህና ያቆም የነበረው ስዊች ዛሬ በትክክል እየሠራ ሠረገላው ይላተማል። ስዊቹ ይወቀሳል፤ ይለወጣል፤ እንደገና ይላተማል።

ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ጭነት ከዚህ በላይ ያሳስባል። ሊሚቱ የሞተሩን ኃይል ሲቆርጥ ጭነቱን የሚይዘው ማን ነው? ቺንጋ አይይዝም። ኳስ የሚሽከረከርበት ቪቴም ከጭነቱ ክብደት የተነሳ ወደ ኋላ ሊዞር ይችላል። ኃይል ሲጠፋ በራሱ የሚይዝ ፍሬን ከሌለ ሊሚቱ ራሱ አደጋ አምጪ ይሆናል። አሳንሰር ይህን ሁሉ በደረጃ ይሠራዋል፦ ከላይኛው ፎቅ በፊት የሚያቀዘቅዘው አለ፣ ቀጥሎ የሚያቆመው አለ፣ ከሁሉም ካመለጠ ዋናውን ኃይል የሚቆርጠው የመጨረሻ ስዊች አለ፣ ከታች ደግሞ ሞላ ወይም ዘይት ያለበት መቀበያ ይጠብቃል። ለአንዲት ትንሽ ማሽንም ይህ አስተሳሰብ አይበዛባትም።

ትክክለኛነት ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ገንዘቡን የሚያድንለት ብልሃት አለ። እስከ አንድ ማይክሮን የሚደጋገሙ ስዊቾች ይሸጣሉ፤ ውድ ናቸው። ኢንኮደር፣ ማለትም የዙሩን መጠን የሚለካ ዕቃ፣ ያለው ሞተር ግን በእያንዳንዱ ዙር አንድ የመነሻ ምልክት ይሰጣል። ቪቴው በዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚያስኬድ ከሆነ የሆም ስዊቹ ሥራ የትኛው ዙር ላይ እንዳለን መለየት ብቻ ነው፤ ጥቃቅኑን ቦታ የሚነግረው የኢንኮደሩ ምልክት ነው። ተራ ስዊች ይበቃል። ሆኖም ስዊቹ የሚለወጥበት ቦታ ከዚያ ምልክት ጋር እጅግ ከተጠጋ አንድ ቀን ከምልክቱ በፊት፣ በሌላ ቀን ከምልክቱ በኋላ ይለወጣል፤ መነሻውም በአንድ ጊዜ 5 ሚሊ ሜትር ይዘላል። ይህን ብልሽት ለማግኘት ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ ለማስተካከል ግን ስዊቹን ሁለት ሚሊ ሜትር ገፋ ማድረግ ነው።

ስዊችን ጨርሶ የተዉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ፕሩሳ ኤም.ኬ.3 የተባለው አታሚ በሁለቱ አግድም መስመሮቹ ላይ ስዊች የለውም፤ ሠረገላው ከዳር ሲገናኝ ሞተሩ ላይ የሚፈጠረውን ጫና የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ይሰማዋል። ቀላል ሠረገላ ስለሆነ ዳሩን ቢነካ አይጎዳም። አንድ ኩንታል የሚገፋ ማሽን በዚህ መንገድ ጫፉን ይፈልግ ቢባል ግን ፍለጋው ራሱ ግጭት ነው።

ስዊቹ ተመርጦ ከተገጠመ በኋላ ፈተና ይቀራል። መጀመሪያ ሞተሩ ኃይል ሳይኖረው ሠረገላው በእጅ እስከ ማገጃው ይገፋል፤ ስዊቹ ከማገጃው በፊት መለወጡ፣ እስከ ማገጃውም ተጭኖ መቆየቱ ይታያል። ለሁለተኛው ጫፍም እንዲሁ ይደረጋል፤ የሁለቱ ጫፍ ሽቦዎች ተለዋውጠው ተገጥመው ከሆነ የሚታወቀው እዚህ ነው። ቀጥሎ ማሽኑ በዝግታ እየሄደ፣ ከጫፍ ርቆ ሳለ፣ ስዊቹ በእንጨት፣ ብረት የሚያሸተው ከሆነ ደግሞ በብረት፣ ይነካል፤ መቆም አለበት። በመጨረሻም ማሽኑ በዝግታ እየሄደ ሳለ የስዊቹ ሶኬት ከቦርዱ ይነቀላል። ሠረገላው ባለበት ቀጥ ካለ ሶኬቱ ይመለስና ማሽኑ ሥራ ይጀምራል። መሄዱን ከቀጠለ ግን በእጅ ይቆማል፤ ሽቦውም ወደ ሌላው እግር ይዛወራል።